የሚዲያና ቱሪዝም ተማሪ፦ ከእሪ በከንቱ እስከ ተዛማጅ የትምህርት መስክ

የሚዲያና ቱሪዝም ተማሪ ስለ ቦታ ማውራትንና ቦታ ማሳየትን በአንድ ዲግሪ አጣምሮ ለመማር ባሕር የሚሻገር ሰው ነው። ሁለቱ ሙያዎች የተጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚዲያ ቦታውን ወደ ሰው ይወስዳል፣ ቱሪዝም ሰውን ወደ ቦታው ያመጣል፤ መንገዱ አንድ ነው፣ የሚለያየው ተሳፋሪው ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄደው ተማሪ ዕድሉን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቱርክ፣ ቻይና፣ ሕንድ ወይም ሀንጋሪ ከሚሰጡት ስኮላርሺፕ ነው። መስኩን የሚመርጠውም አንዳንዴ ተማሪው ሳይሆን ቅጹ ነው። አንደኛ ምርጫ ሕክምና፣ ሁለተኛ ምህንድስና ይሞላል፤ ሦስተኛው መስመር ባዶ እንዳይቀር ብቻ የጻፈው ይደርሰዋል።

እዚህ የሚብራራው ከአራዳ፣ በተለይም ከእሪ በከንቱ የሚነሣው ዓይነት ተማሪ ነው። እሪ በከንቱ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ አሮጌ ሰፈር ሲሆን ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሰባራ ባቡርና ከውቤ በረሃ ጋር በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። የስሙ አመጣጥ እንደ ተራኪው ዕድሜ ይለያያል። በጣም የሚታወቀው፣ በሌሊት ተዘርፎ ቢጮኽ ማንም ያልደረሰለትን መንገደኛ የሚመለከተው ነው። መንገደኛው ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተወሰደበት፣ ሌባውስ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን በየደጃፉ ሌላ ነው። የሰፈሩ ልጅ የምንጭ ማጣራትን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራዳ ሁለቱንም ሙያ ያለ ዲግሪ የጀመረችው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ «አእምሮ» ጋዜጣን ሲያወጣ ማተሚያ ስላልነበረው በእጅ ያስጽፈው ነበር፤ ቅጂው 24 ነበር። የዛሬ ተማሪ ስለ ሥርጭት ሲማር የሚሰማው ቁጥር በሚሊዮን ነው። ሃያ አራት ሰው እጅ የገባ ወሬ ግን በማግስቱ ገበያው ሁሉ ሳያነበው እንደሚያውቀው አራዳን የሚያውቅ አይጠራጠርም።

ቱሪዝሙም ከዚያው ግቢ ነው የወጣው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር እንግዳ የሆነው ነገር አልጋው ሳይሆን ሒሳቡ ነበር። ምግብ በገንዘብ መሸጥም መግዛትም ነውር በነበረበት ዘመን፣ ሰው ደፍሮ እንዲገባ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ተብሎ ይተረካል። ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው ተፅዕኖ ፈጣሪ ይባላል፣ ለሥራውም ይከፈለዋል፤ ምኒልክ የከፈሉት ከኪሳቸው ነው። ቴሌቪዥንም ቢሆን ከአራዳ አልራቀም። በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው የነበረው ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሚዲያ ለመማር አህጉር ሲያቋርጥ አዛውንቶቹ ቢገረሙ አይፈረድባቸውም፤ በእነሱ ዘመን ዳገቱን መውጣት ይበቃ ነበር።

ለትምህርት ባሕር መሻገሩ ራሱ የቆየ ነገር ነው፤ ሚዲያንና ቱሪዝምን ማጣመሩም እንዲሁ። ቀዳሚው ማን ነው ለሚል ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የሚቀድም መገኘቱ ያጠራጥራል። የዘጌው ተወላጅ ጣልያን ቱሪን የሄዱት ሥዕል ሊማሩ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያወጡት ግን ሁለት መጻሕፍት ነው። አንዱን፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ወደ አቢሲኒያ ለሚጓዝ መንገደኛ የተዘጋጀ የፈረንሳይኛና የአማርኛ መምሪያ ነው። መምሪያው በምልልስ የተሞላ ሲሆን ምልልሱ ቋንቋ በማስተማር ብቻ አይወሰንም፤ ጨዋታው እየተሳበ ስለ አገሩ አስተዳደርና ስለ ወታደሩ ጠባይ ወደ መንቀፍ ይገባል። ውኃና ማደሪያ መጠየቂያ ቃል ፈልጎ መጽሐፉን የገዛ ፈረንጅ ሹም ማማት ተምሮ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ሚዲያና ቱሪዝም በአንድ ጥራዝ የተሰፉበት አማርኛ ከዚህ የሚቀድም መኖሩ አይታወቅም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ሩስያ ሄደው የተማሩት መድፈኝነት ነው። አዲስ አበባን ያስደነገጡት ግን በመድፍ አልነበረም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን፣ በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። የአውሬዎች ተረት ነው ቢባልም ታዳሚው አውሬዎቹን በስም ሳይለያቸው አልቀረም፤ ተውኔቱ ታገደ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ፈረንሳይ አገር፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ሳሉ የጻፉት «ሌቱም አይነጋልኝ» ስለ ፈረንሳይ አይደለም፤ ስለ ውቤ በረሃ ሌሊት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ፣ ውጭ አገር የተላከ ተማሪ የተላከበትን ይዞ አይመለስም የሚል ነው። ሕጉን ከሚያፈርሱት አንዱ በዓሉ ግርማ ናቸው። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና የፖለቲካ ሳይንስ ተምረው መጥተው በእርግጥም ጋዜጠኛ ሆኑ፤ «መነን»፣ «አዲስ ሪፖርተር» እና «አዲስ ዘመን» በእጃቸው አልፈዋል።

በቱሪዝም በኩል የሚጠቀሱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። አሜሪካ ተምረው የተመለሱት ሀብተ ሥላሴ በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅቱን ሲመሩ ለዓለም ያቀረቡት ሐሳብ የ13 ወር ፀጋ የሚለው ነው። ይህን ማሰብ የሚችለው የሰሜኑን ዓለም ክረምት የቀመሰ ሰው ብቻ ነው። እሪ በከንቱ ተወልዶ ያደገ ሰው ፀሐይን እንደ ሸቀጥ አይቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ልብስ ማድረቂያነቷን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያው ድምፅ ከፀሐይ ጋር ስለሚያያዝ ጉዳይ እንዲያስብ አይፈቅድለትም። የሐሳቡ ትልቁ ብልሃት ጳጉሜን ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ጳጉሜን ደሞዝ የሌለበት አምስት ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ይሆንበታል። ሀብተ ሥላሴ ይህንኑ የዕዳ ሳምንት ለቱሪስት ትርፍ ወር አድርገው ሸጡለት። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። አዲሱ መፈክር ሉሲንም ቡናንም ዓባይንም በአንድ ጊዜ ያቅፋል፤ ስለ አየሩ ጠባይ ግን ቃል አይገባም፣ ይህም በሐምሌ ለሚመጣ እንግዳ የተሻለ ታማኝነት ነው።

የዛሬው ተማሪ ጉዞ የሚጀምረው የስኮላርሺፑ ዜና ሰፈር ሲወድቅ ነው። ዜናው የሚወድቀው ቡና ላይ ነው፤ አቦል ላይ ተነግሮ፣ ቶና ላይ አገሩ ተለይቶ፣ በረካ ላይ ደመወዙ ይታወቃል፣ ምንም እንኳ ተማሪው ገና ፓስፖርት ባያወጣ። ከዚያ በኋላ ደጃፉ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ ተማሪውን ያስቆሙታል።

«ምን ልትማር ነው የምትሄደው?»

«ሚዲያና ቱሪዝም ነው፣ ጋሼ።»

«እሱስ ይሁን፤ ትምህርቱስ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልተገኘለትም። አንዳንዱ ተማሪ «ቴሌቪዥን ላይ እወጣለሁ» ብሎ ይገላገላል፤ ብልህ የሆነው «የማኔጅመንት ዘርፍ ነው» ይላል፣ ማኔጅመንት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለምና። በልጅነቱ ፒያሳ ላይ ፈረንጅ ተከትሎ የጣይቱን ሆቴል ያሳየ ጓደኛው ደግሞ ለዚያ ሥራ ዲግሪ እንደሚሰጥ ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ እንደሱ ቢሆን እስካሁን ሁለተኛ ዲግሪውን በያዘ ነበር።

ቀጥሎ የሻንጣው ጉዳይ ይመጣል። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከሆነ፣ እናት የምታዘጋጀው ከሦስት አያንስም። ሻንጣው የሚመዘነው ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ለአሥርት ዓመታት ጤፍ ሲመዝን ኖሮ ባለቤቱን ለመጥቀም ስለ ለመደ፣ ቦሌ ሲደረስ የሚገኘው ቁጥር ሌላ ነው፤ የሚቀነሰው ግን መጽሐፉና ጫማው እንጂ ሽሮው አይደለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ከተከተቱ በኋላ በቀረው ክፍተት የጎረቤት አደራ ይገባል። እሪ በከንቱ ውጭ አገርን እንደ አንድ ቀበሌ ታየዋለች። ስለዚህ ዴንቨር ላለች ልጅ የሚላክ ነጠላ ቡዳፔስት ለሚሄድ ልጅ ይሰጣል፤ «ያው እዚያው አይደላችሁ?» ይባላል። ነጠላው አንዳንዴ በእርግጥ ይደርሳል፣ እንዴት እንደሚደርስ ግን የፖስታ ሥራ ያጠኑ ሰዎች ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

የመጀመሪያው የአስጎብኚነት ልምምድ የሚደረገው በጉምሩክ መስኮት ፊት ነው። ቀይ ዱቄት በኪሎ የተሸከመ ወጣት ዱቄቱ ምግብ እንደሆነ፣ ለአንድ ሰው እንደሆነና ለአንድ ዓመት እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሦስተኛውን አያምኑትም።

ትምህርቱ ሲጀመር ተማሪው ከሁሉ በፊት የሚያገኘው አገሩን ነው፤ የምታገኘው ግን ባልጠበቀው ምዕራፍ ላይ ነው። የዓለም የዜና ታሪክ በሚሰጥበት ክፍል ኢትዮጵያ ሳትነሣ አትታለፍም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ከመሐመድ አሚን ካሜራ ጋር ከኮረም ያስተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ይታያል፤ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ሁሉም ዞሮ አንድ ሰው ያያል። የሚታየው ልጅ በዚያ ዓመት ገና አልተወለደም፣ ኮረምንም አያውቃትም። ይሁን እንጂ በዚያች ደቂቃ የአገሩ ተወካይ ሆኖ የመቀመጥ ግዴታ ተጥሎበታል፤ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንደሚገባው የሚያስተምር ኮርስ የለም። ዘገባውን ተከትሎ የመጣው የእንግሊዞች ዘፈን ኢትዮጵያውያን የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ስለ እነሱ ቀን ከሆነ መልሱ፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሚውል ገና ለመድረስ አሥራ ሦስት ቀን ይቀራል የሚል ነው።

ከዚያ ቀደም ያለው ምሳሌ ለሚዲያ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አሰባጥሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ፊልም ሳይለወጥ፣ በጎኑ የተቀመጠው ምስል ብቻ ተለውጦ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። ተማሪው ይህን በስላይድ ላይ ሲያይ የሚያስበው፣ ትምህርቱ የቱ ነው ብለው የጠየቁት ጋሼ ፊልሙን በዚያች የአዲስ ዓመት ማታ ጎረቤት ቤት ተኮልኩለው እንዳዩት ነው። ፈተናው የቃል ቢሆን ኖሮ ስልክ ደውሎ ባለፈ ነበር።

የቱሪዝሙ ንድፈ ሐሳብም ከሰፈር አያርቅም። ዲን ማካነል በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ቱሪስት የሚፈልገው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ፊት ሳይሆን ከኋላ ያለውን እውነተኛ ኑሮ እንደሆነ፣ አስተናጋጁም ይህን ስለሚያውቅ ኋላውን ራሱን ለዕይታ እንደሚያዘጋጅ ጽፏል። ፕሮፌሰሩ ይህን ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። የእሪ በከንቱ እናት የምትወስደው መጋረጃ ለመሳብ የሚያስፈልገውን ጊዜ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቡፌው፣ በቡፌው ውስጥ ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ፣ በግድግዳው ላይ የምረቃ ፎቶ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳው ነው፣ እንግዳ አያልፍም። ፈረንጅ ቱሪስት ሰፈር ውስጥ ሲገኝ ግን ቡፌውን አልፎ ጓዳውን ፎቶ ማንሣት ይፈልጋል፣ ሽንኩርት የምትከትፈውን ልጅ ጨምሮ። እናትየዋ ይህን የምታየው እንደ እውነት ፍለጋ ሳይሆን እንደ አስተዳደግ ጉድለት ነው። ሁለቱም ጥናት ይገባዋል፤ የተጠናው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ጋልቱንግና ሩጅ በ1965 እ.ኤ.አ. ዜና ዜና የሚሆንበትን መለኪያ ሲዘረዝሩ መጥፎ ነገር ከጥሩው፣ ታዋቂ ሰው ከተራው፣ ቅርብ ከሩቁ ይቀድማል ብለዋል። በእነሱ ዝርዝር ላይ እሪ በከንቱ የምትጨምረው አንድ ብቻ ነው፤ ወሬውን ያመጣው ሰው ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ዋሽቷል የሚለው። ይህ መለኪያ ወደ ዘመናዊ ጋዜጠኝነት ያልገባው በወጪ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በዓመቱ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲው የባህል ቀን ያዘጋጃል። የእያንዳንዱ አገር ተማሪ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፣ በጠረጴዛው ላይ አገሩን እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። የአራዳው ልጅ አገር ቤት ሳለ ለብሶት የማያውቀውን የባህል ልብስ ይለብሳል፣ እስክስታ ይመታል፣ ቡና ያፈላል። ቡና ሲጠጣ ያደገ ሰው ማፍላት ይችላል የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን የሚያውቀው ብረት ምጣዱ ላይ ሲደርስ ነው። ለልምምድ ማደሪያው ውስጥ ሲቆላ የጭሱ ጠቋሚ ይጮሃል፣ ሕንፃው ሁሉ ነቅቶ በብርድ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ተማሪውም ጀበና ታቅፎ በመሃላቸው ይቆማል። የቻይናው፣ የናይጄሪያውና የካዛኪስታኑ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ያኔ ያወቁትን ያህል በጠረጴዛው ዙሪያ አላወቁም። በመጨረሻ እናት በስልክ ቪዲዮ ትመራዋለች፤ ልጇ ሴት ልጅ እንኳ የምትፈራውን ሥራ ይዞ በማየቷ ግማሹን ጊዜ የምታሳልፈው በሳቅ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር ያመለክታል፤ ተማሪው የሚማረውን ሙያ ሳይመረቅ፣ ሳይከፈለው፣ በሁለት አቅጣጫ እየሠራ ነው። እዚያ ላሉት ኢትዮጵያ ማለት እሱ ነው። እዚህ ላሉት ደግሞ ውጭ አገር ማለት እሱ የሚልከው ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ በረዶ አለ፣ ሐውልት አለ፣ ካፖርት አለ፤ ካፖርቱ የተዋሰው መሆኑ አይታይም። ማታ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ የሚያጥበው ሳህን አይታይም፣ አራት ሆነው የሚተኙበት ክፍል አይታይም። የማካነልን ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰው ልጅ መጋረጃውን በእናቱ እጅ ብልሃት ይስባል። እናትም በተራዋ ከዚህኛው ወገን የምትስበው መጋረጃ አላት፤ ስኳሯ መውጣቱን፣ የቤቱ ኪራይ መጨመሩን፣ ወንድሙ ሥራ መልቀቁን አትነግረውም። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሳሎኖች በስልክ ይጠያየቃሉ። «ብርድ ልብስ አለህ?» ትላለች፤ «አለኝ፣ እማዬ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ይላል፤ «ተመስገን» ትላለች፤ መረቡ ይቋረጣል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ተማሪው ሊያስጎበኘው የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ ይረዳል። ርዕሱ ረጅም ነው፤ የነዋሪዎች ተሳትፎ በከተማ ቅርስ ቱሪዝም ላይ ያለው ሚና፣ በእሪ በከንቱና አካባቢዋ እንደታየ። ፒያሳ ለጥናት አትሰስትም። የሕንድ ነጋዴዎች ያስገነቧቸው የእንጨት በረንዳ ያላቸው ሕንፃዎች፣ የቦያጂያን ቤተሰብን የመሰሉ አርመን ፎቶ አንሺዎች አሻራ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የበላው የጣይቱ ሆቴል ክፍል፣ ጊዮርጊስና የምኒልክ ሐውልት፣ ሁሉም ምዕራፍ ይወጣቸዋል። አማካሪው ግን መጠይቅ ይፈልጋል። መጠይቁ ከአንድ እስከ አምስት የተዘረጋ ምርጫ አለው፤ በታናሽ ወንድሙ እጅ ከቤት ቤት ይዞራል። «በሰፈርዎ ኑሮ ምን ያህል ረክተዋል?» ለሚለው ጥያቄ ከነዋሪው አብላጫው የሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። ይህ መልስ አንድ ይሁን አምስት የሚወስን የስታቲስቲክስ ዘዴ የለም። የተናጋሪውን ፊት ሳያዩ መፍታት አይቻልም፤ ወንድምየው ደግሞ ፊት እንዲመዘግብ አልታዘዘም።

በዚህ መሃል የጥናቱ ቦታ ራሱ ይነሣል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ መጣ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳና የዙሪያዋ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፣ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተዛወሩ። የመንገዱ መስፋትና የእግረኛው መተላለፊያ ለሚጎበኝ ሰው ምቹ መሆናቸው አያከራክርም፤ የሚያከራክረው የሚጎበኘው ማን ነበር የሚለው ነው። የቱሪዝም ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደው የሪቻርድ በትለር ሥዕል አለ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ሥዕል አንድ መዳረሻ ከመታወቅ ጀምሮ አድጎ፣ ቆሞ፣ በመጨረሻ ወይ እንደሚያሽቆለቁል ወይ እንደሚታደስ በኩርባ መስመር ያሳያል። የፒያሳ መስመር በሥዕሉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ታጣ። ታድሷል ይባል ዘንድ ሕንፃው አለ፤ ከጥናቱ ተሳታፊዎች ግን የሚበዙት በመስመሩ ላይ የሉም፣ አንዳንዶቹ አዲስ ስልክ ቁጥር አውጥተዋል፣ ለመጠይቁ ሁለተኛ ዙር የሚገኙት አራቱ ናቸው፣ እነሱም አሁን የሚኖሩት በአራት አቅጣጫ ነው። ተማሪው ጽሑፉን አላቃጠለውም፤ ግሦቹን ሁሉ ወደ ኃላፊ ጊዜ ለወጣቸው። «ነዋሪዎቹ ቡና ይጠራራሉ» የሚለው «ይጠራሩ ነበር» ሆነ፣ የቱሪዝም ጥናቱም የታሪክ ጥናት ሆኖ ጥሩ ውጤት አገኘ።

ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ቸኮሌት፣ ሽቶና ዲግሪ አለ። ሁለቱ በሳምንት ያልቃሉ። ዲግሪው ከተሰጠበት አገር ማኅተም፣ ከኤምባሲ ማኅተም፣ ከውጭ ጉዳይ ማኅተም ይሰበስባል፤ ከዚያ የአቻ ግምት ይሠራለታል። ማኅተሞቹ ከዲግሪው ይልቅ ሲያምሩ ሥራ ፍለጋው ይጀመራል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍት ቦታ አለ። አንዱ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ ይላል፤ ሌላው በቱሪዝም ማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ ይላል። ለሁለቱም ያመለክታል። በአንደኛው መስኮት «ያንተ ቱሪዝም ነው» ይባላል፣ በሁለተኛው «ያንተ ሚዲያ ነው» ይባላል። ተዛማጅ የሚለው ቃል ከሁለት ነገር ጋር የሚዛመድን ሰው ይመለከት እንደሆነ የሚያብራራ መመሪያ በእጃቸው የለም።

እስኪለይለት ድረስ ከውጭ ለመጡ ዘመዶችና ለዘመዶቻቸው ጓደኞች ከተማውን ያሳያል። ከጊዮርጊስ ይነሣሉ፣ በዓድዋ መታሰቢያ ያልፋሉ፣ ጣይቱ ሆቴል ቡና ይጠጣሉ፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወርደው ቤቶቹ የነበሩበትን በእጁ እያመለከተ የማን ደጃፍ የት እንደ ነበረ ይነግራቸዋል። በከንቱ ስለ ጮኸው መንገደኛም ሲጠይቁት እንደ አድማጩ ሁኔታ ከትረካዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ ለዳያስፖራ ልጆች የሚመርጠው ሌባው የሚያዝበትን ነው። ይከፍሉታል፣ አንዳንዴም የማያስፈልገውን ካፖርት ይተዉለታል። የሥራ ልምድ በሚለው የማስታወቂያው መስመር ላይ ይህን ለመጻፍ ግን እክል አለበት፤ ከግል የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል፣ እሱም ከዘመዶቹ ላይ ግብር ቀንሶ አያውቅም።